ከአንጀትህ ወስን

ጉበትህ ትናንት ማታ ምን በላ?

«እኔ የበላሁትን ነዋ!» ትለኝ ይሆናል። ግማሹ እውነት ነው። ግማሹን እኔ ልንገርህ።

ሆድህ ውስጥ አንድ ትልቅ ጓዳ አለ። አንጀትህ ነው። እዚያ ጓዳ ውስጥ ቀን ከሌት የማያርፉ ባለሙያዎች ይሠራሉ። ቁጥራቸው ወደ 38 ትሪሊዮን ይገመታል። ባክቴሪያ ይባላሉ። አንተ የላክህላቸውን ተቀብለው ያቦካሉ፣ ይጠነስሳሉ፣ ያብላላሉ። የሠሩትን ደግሞ ለጉበትህ ይልኩለታል።

አንተ ለእነሱ ታቀርባለህ። እነሱ ለጉበትህ ያቀርባሉ።

ታዲያ ዛሬ ለጓዳህ ምን ላክህ?

እስቲ በማለዳ ተነስተህ ንፋስ መውጫ መናኸሪያ ላይ ቁም። ከባሕር ጠለል ከ3,000 ሜትር በላይ ነህ። ከተማዋ ስሟን ከየት እንዳገኘች ነፋሱ ራሱ በጆሮህ ይነግርሃል። አሁን ሁለት ሰዎች ተመልከት።

አንደኛው ጋቢውን ተከናንቦ፣ ሁለት ሰዓት በእግሩ ተጉዞ ለገበያ የመጣ ገበሬ ነው። ሌሊት ሲነሳ በሶውን በጥብጦ ጠጥቷል። ኪሱ ውስጥ የባቄላ ቆሎ አለ።

ሁለተኛው የከተማ ሰው ነው። ከቤቱ እስከ መሥሪያ ቤቱ በባጃጅ ይሄዳል። ቁርሱ ነጭ ዳቦ በስኳር ሻይ ነው። ረፋድ ላይ ብስኩት፣ ምሳ ላይ ፓስታና ለስላሳ፣ ማታ ሁለት ሦስት ቢራ። ወንበር ላይ ውሎ ወንበር ላይ ያመሻል። ቀበቶው በየዓመቱ አንድ ቀዳዳ ይላላል።

የአንድ አገር ልጆች ናቸው። አንድ አየር ይተነፍሳሉ። የለያቸው የዕለት ልማድ ነው።

አንተ የትኛው ነህ?

ሁለተኛው ነኝ ካልክ አትፈር። ይህ ጽሑፍ ላንተ ነው። አንቺም እህቴ፣ ላንቺም ነው።

«ጉበትህ ላይ ስብ አለ»

ይህን ቃል ከሐኪም አፍ የሚሰማ ሰው እየበዛ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሰማው ለሌላ ጉዳይ ሄዶ አልትራሳውንድ ሲነሳ ነው። ለምን? ስብ የተከማቸበት ጉበት አብዛኛውን ጊዜ አያምም። አይጮኽም። ዝም ብሎ ይሸከማል።

ጉበት አንድ ኪሎ ተኩል ያህል ይመዝናል። ስቡ ከ5 በመቶ ሲያልፍ ሐኪሞች «ፋቲ ሊቨር» ይሉታል። በዓለም ላይ ከ10 አዋቂዎች ወደ 3 የሚጠጉት አለባቸው። አብዛኞቹ ግን አያውቁም። በብዙ ሰው ላይ ስቡ እዚያው ተቀምጦ ይቀራል። በአንዳንዱ ላይ ግን ጉበቱ ይቆጣል። ቁጣው ጠባሳ ይሆናል። ጠባሳው ከዓመታት በኋላ ጉበትን ወደሚያደነድነው ሲሮሲስ፣ አልፎም ወደ ካንሰር ሊያደርስ ይችላል።

«እኔ አልጠጣም፤ አይነካኝም» ነው የምትለው?

ተሳስተሃል። መጠጥ ያልቀመሰ ሰውም ጉበቱ በስብ ሊሞላ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም የጉበት ሐኪሞች ማኅበራት ተስማምተው የበሽታውን ስም ቀይረዋል። አዲሱ ስም ሰውነት ስኳርና ስብን ከሚጠቀምበት መንገድ መዛባት ጋር ያያይዘዋል። ከቦርጭ፣ ከስኳር በሽታ፣ ከደም ግፊት ጋር ማለት ነው።

«የፈረንጅ በሽታ ነው» ነው የምትለው?

የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጡትን ጥናት ስማ። ዓይነት 2 የስኳር በሽታ ያለባቸውን ታካሚዎች መረመሩ። ከግማሽ በላይ በሆኑት ጉበት ላይ ስብ አገኙ። ጅማ ነው። አገርህ ነው።

ከጎንደር የወጡት ሰዎች

ሌላ ታሪክ ልጨምርልህ። ይህ ደግሞ ይበልጥ የአንተ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1984 እስከ 1991 ድረስ በሺዎች የሚቆጠሩ ቤተ እስራኤላውያን ወደ እስራኤል ሄዱ። ብዙዎቹ የጎንደር ሰዎች ነበሩ። በግንቦት 1991 በነበረው ዘመቻ ብቻ ከ14,000 በላይ ሰው በ36 ሰዓት ገደማ ውስጥ በአውሮፕላን ተጓጓዘ። ሲደርሱ አብዛኞቹ ቀጫጭን ነበሩ። የስኳር በሽታ በመካከላቸው እምብዛም አይታወቅም ነበር።

ጥቂት ዓመታት አለፉ። ሐኪሞች ደነገጡ። ስኳር በሽታ በወጣቶቹ ላይ ሳይቀር ይታይ ጀመር።

ደሙ ያው ነው። ዘሩ ያው ነው። ማዕዱና እግሩ ግን ተለወጡ። ሽሮና እንጀራው ቀነሰ፤ ነጭ ዳቦና ጣፋጭ መጠጥ በዛ። ተራራ የለመደው እግር አውቶቡስ ለመደ። የስኳር በሽታና ፋቲ ሊቨር ደግሞ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። አንዱ ሲገባ ሌላው በር ላይ ይቆማል።

ባክቴሪያዎቹስ? እነሱም ከሰው ጋር ይሰደዳሉ፤ ከሰው ጋርም ይለወጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2018 የታተመ ጥናት ከደቡብ ምሥራቅ እስያ ወደ አሜሪካዋ ሚኒሶታ የሄዱ የሞንግና የካረን ሴቶችን ተከታተለ። በገቡ በወራት ውስጥ የአገራቸው ባክቴሪያዎች እየሳሱ ሄዱ። በተለይ የአትክልትና የእህል አሰር (ፋይበር) የሚያብላሉት ጠፉ። በቆዩ ቁጥርም ጉዳቱ ባሰ።

ልብ በል! አንተ ለመለወጥ አሜሪካ መሄድ አያስፈልግህም። ከንፋስ መውጫ ሳትወጣ፣ ከአርብ ገበያ ሳትርቅ፣ መካነ ኢየሱስ ተቀምጠህ፣ ወገዳ ላይ ሱቅ ከፍተህ አንጀትህን ልታሰድደው ትችላለህ። ነጭ ዳቦና ጠርሙስ ብቻ ይበቃሃል።

ጓዳው ውስጥ ምን ይሠራል?

አሁን ወደ ውስጥ እንግባ። ይህን ካወቅህ መወሰን ቀላል ነው።

ወደ ጉበትህ ከሚገባው ደም አራት እጅ ቢሆን ሦስቱ እጅ የሚመጣው በአንድ ትልቅ የደም ሥር በኩል ነው። ያ የደም ሥር የሚነሳው በዋናነት ከአንጀትህ ነው። ከሁለቱ መካከል ሌላ ጣቢያ የለም። ከጓዳ የወጣ ሁሉ በቀጥታ ጉበት ደጃፍ ይደርሳል።

የአንጀትህ ግድግዳ ስስ ነው። ከውጪው ዓለም የሚለይህ አንድ ረድፍ ሕዋስ ብቻ ነው። ማን ይጠብቀዋል? ባለሙያዎቹ!

ባቄላ፣ ገብስ፣ ምስር፣ ጎመን ስትበላ አሰሩን የራስህ ሰውነት መፍጨት አይችልም። ሳይፈጭ ወደ ታች ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹ ይቀበሉታል። ያብላሉታል። ከዚያ ውስጥ ቢውቲሬት የሚባል ንጥረ ነገር ይወጣል። የአንጀት ግድግዳ ዋነኛ ቀለብ ይህ ነው። ግድግዳው ይጠግባል፤ ይጠነክራል፤ በሩን ይዘጋል።

አሰር ስትነፍጋቸውስ? ይራባሉ። በአይጦች ላይ በተሠራ ጥናት እንደታየው፣ የተራቡ ባክቴሪያዎች ግድግዳውን የሚሸፍነውን ልጋግ ራሱን መብላት ይጀምራሉ። በሩ ይላላል። የባክቴሪያ ስብርባሪ ወደ ደም ያልፋል። የጉበት ዘበኞች ጠላት የመጣ መስሏቸው ይነሳሉ። ጉበት ይቆጣል። ስብ ላይ ቁጣ ሲጨመር በሽታው ይከፋል።

ይህ ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2019 የቻይና ተመራማሪዎች አንድ ታካሚ ገጠማቸው። ሰውየው መጠጥ ሳይቀምስ ይሰክራል! ጣፋጭና ዱቄታም ነገር ሲበላ በደሙ ውስጥ አልኮል ይገኛል። ጉበቱ በጠና ተጎድቶ ነበር። ጉዱ ምን ነበር? ክሌብሲየላ የሚባል ባክቴሪያ ሆዱ ውስጥ ስኳሩን ወደ አልኮል ይለውጠዋል። ሆዱ ጋን ሆኖለት ነበር። ተመራማሪዎቹ ፋቲ ሊቨር ያለባቸውን ሌሎች ሰዎች ሲመረምሩ ከ10 በ6ቱ ውስጥ አልኮል በብዛት የሚሠራ የዚህ ባክቴሪያ ዓይነት አገኙ። ያን ባክቴሪያ ለአይጦች ሲሰጧቸው የአይጦቹም ጉበት ስብ ያዘ።

ባክቴሪያ ብቻውን ጥፋተኛ ነው አልልህም። ትርፍ ስኳር፣ ቦርጭ፣ ተቀምጦ መዋልና ከወላጅ የሚወረስ ተጋላጭነት ሁሉም ድርሻ አላቸው። ነገር ግን ወላጅህን መምረጥ አትችልም። ጓዳህን ግን ትችላለህ!

14 ቀን ብቻ

«ረፍዷል፤ ዕድሜዬ ሄዷል» አትበለኝ።

እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ ደፋር ሙከራ ታትሞ ወጣ። ተመራማሪዎች 20 ጥቁር አሜሪካውያንንና 20 የደቡብ አፍሪካ ገጠር ሰዎችን ማዕድ አቀያየሩ። አሜሪካውያኑ አሰር የሞላበት የገጠር ምግብ በሉ። የገጠሮቹ ሃምበርገርና ጥብስ በሉ። ለስንት ጊዜ? ለ2 ሳምንት ብቻ። በአሜሪካውያኑ አንጀት ውስጥ የቢውቲሬት ምርት ከእጥፍ በላይ አደገ። በሌሎቹ ላይ አሽቆለቆለ።

14 ቀን! ጓዳው ሥራውን የሚቀይርበት ጊዜ ይህን ያህል ቅርብ ነው።

ጉበትስ? እ.ኤ.አ. በ2023 በቻይና 200 ፋቲ ሊቨር ያለባቸው ሰዎች በአንድ ጥናት ተሳተፉ። ግማሾቹ በየቀኑ በአንጀት ቶሎ የማይፈጭ የበቆሎ ስታርች ወሰዱ። ከ4 ወር በኋላ የጉበታቸው ስብ በግልጽ ቀነሰ። ተመራማሪዎቹ ምክንያቱን ሲፈልጉ የባክቴሪያዎቹን መለወጥ አገኙ።

ክብደትህን ብትቀንስ ደግሞ ጉበትህ ፈጥኖ ያመሰግንሃል። ከክብደትህ 5 በመቶ ስትቀንስ ስቡ መውረድ ይጀምራል። ከ7 እስከ 10 በመቶ ስትደርስ ቁጣውም ይበርዳል። 80 ኪሎ ከሆንክ ከ6 እስከ 8 ኪሎ ማለት ነው። በአንድ ሳምንት አይደለም። በዓመት ውስጥ! ይህ አያቅትህም።

መድኃኒቱ የት ይሸጣል? ግማሹ በንፋስ መውጫ የገበያ ቀን መሬት ላይ ተሰጥቷል። ከጋይንት ደጋ ድንች፣ ገብስና ባቄላ ይመጣል። ከስማዳና ከእስቴ ጤፍና ሽምብራ ይመጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳይንቲስቶች የቡርኪና ፋሶ መንደር ልጆችን ከጣሊያኗ ፍሎረንስ ልጆች ጋር አወዳድረው ነበር። ማሽላና ጥራጥሬ የሚበሉት የመንደር ልጆች አንጀት ውስጥ አሰር የሚያብላሉት ባክቴሪያዎች በልጠው ተገኙ። የእናትህ ማዕድ ከዚያ መንደር ማዕድ ይለያል? ታዲያ ለምን ታፍርበታለህ?

እኛ ግን ፉርሽካውን ለከብት ሰጥተን ነጩን ዱቄት ለራሳችን አስቀረን። የሚያስፈልገንን ጥለን የማያስፈልገንን ወሰድን።

ይብቃ። ቻሌንጁን ተቀበል። 14 ቀን። ስድስት ልማድ።

አንድ፦ ንፍሮን መልሰው። በቀን አንድ ጊዜ ጥራጥሬ ብላ። ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ምስር፣ አተር። የዓለም ጤና ድርጅት አዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር እንዲያገኝ ይመክራል። አንድ ጎድጓዳ ሳህን ንፍሮ ሩቅ መንገድ ይወስድሃል። ሆድህ ካልለመደ ይነፋሃል። አትደንግጥ። በጥቂቱ ጀምር፤ ውኃ ጠጣ፤ ባለሙያዎቹ ይለምዱታል።

ሁለት፦ ድንችህን አብርደው። ድንች ተቀቅሎ ሲቀዘቅዝ ከስታርቹ ከፊሉ ለመፈጨት ያስቸግራል። ያስቸገረው ለባክቴሪያዎቹ ይተርፋል። ማታ ቀቅል። ጠዋት በቃሪያና በሽንኩርት ብላው። በዘይት ተጠብሶ ከመጣው ይህኛው ይሻልሃል።

ሦስት፦ ጠርሙሱን አስቀምጠው። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ውስጥ ወደ 8 የሻይ ማንኪያ የሚጠጋ ስኳር አለ። ማን 8 ማንኪያ ስኳር ሻዩ ላይ ይጨምራል? ትርፉን ስኳር ጉበትህ ወደ ስብ ይለውጠዋል። ውኃ ጠጣ። በሶ በጥብጥ፤ ስኳሩን ግን ተው።

አራት፦ ባጃጁን አሳልፈው። በሳምንት 150 ደቂቃ ፈጠን ብለህ ተራመድ። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት 5 ቀን። የጋይንት መሬት ዳገትና ቁልቁለት ነው። ጂም ተሠርቶልህ ተኝተሃል!

አምስት፦ ቡናህን ጠጣ፤ ስኳሩን ቀንስ። እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመና በብሪታንያ ከ490,000 በላይ ሰዎችን የተመለከተ ጥናት አለ። ቡና የሚጠጡት ሥር በሰደደ የጉበት በሽታ የመያዝ ዕድላቸው ከማይጠጡት በ21 በመቶ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ቡናው በደጅህ ነው። ጎረቤት ጥራ። አንድ ማንኪያ ስኳር ቀንስ። በሚቀጥለው ሳምንት ሌላ አንድ።

ስድስት፦ ጓዳህን አታቃጥለው። ሐኪም ሳያዝ አንቲባዮቲክ አትዋጥ፤ ጠላትን ሲመታ ባለሙያዎችህንም ይጠርጋል። አረቄና ቢራን ተው። ጉበትህ ላይ ስብ ካለ መጠጥ በእሳት ላይ ቤንዚን ነው።

አንድ ነገር ግን እንዳትዘነጋ። ቦርጭ ካለህ፣ ስኳር ወይም ግፊት ካለብህ ጤና ተቋም ሂድ። ጉበትህን አስመርምር። የሄፓታይተስ ቢ ምርመራም ጠይቅ። መድኃኒት ታዞልህ ከሆነ ሐኪምህን ሳታማክር አታቋርጥ። መመርመር ጀግንነት ነው!

አቅሙ አለህ

«ራሴን መግዛት አልችልም» አልክ?

ፍልሰታን ማን ጾመ? አንተ። ሁለት ሳምንት ሙሉ! ሁዳዴን ማን ጨረሰ? አንተ። ረመዳንን ከንጋት እስከ ምሽት ውኃ ሳትቀምስ ማን ያዘ? አንተ። በየረቡዕና በየዓርቡ «ዛሬ ጾም ነው» ብለህ ከሥጋው ፊት የተነሳኸው አንተ ነህ። ማንም ዘበኛ አልቆመብህም። ወሰንክ፤ አደረግኸው።

ማይንድሴቱ አለህ። ያንኑ ጉልበት ለጉበትህ አውለው።

ብትሳሳትስ? በ6ኛው ቀን ለስላሳ ብትጠጣስ? ሁሉም ነገር አልፈረሰም። በ7ኛው ቀን ቀጥል። እንቁላል በእግሩ የሚሄደው ቀስ በቀስ ነው።

እናትህ እንጀራ ስትጋግር አይተሃል። ሊጡ ሲቦካ ከላዩ የቀረረውን አትደፋም። እርሾ ታስቀራለች። የዛሬው እርሾ የነገውን ሊጥ ያቦካል። የነገው የከነገ ወዲያውን። እርሾው ጥሩ ከሆነ እንጀራው ዓይናማ ይሆናል። ከተበላሸ ሊጡ ሁሉ ይበላሻል።

ልማድም እንዲሁ ነው። አንጀትህም እንዲሁ ነው። ዛሬ የመገብካቸው ባክቴሪያዎች ነገ ይበዛሉ። ነገ የበዙት ጉበትህን ይመግባሉ። ዛሬ የበላኸው አንድ ሳህን ንፍሮ ለአንድ ምሳ ብቻ አይደለም፤ ለሚቀጥለው ሊጥ እርሾ ነው።

አማርኛችን ይህን ድሮ አውቆታል። የእውነት ስንወድ «ከአንጀቴ ወደድኩት» እንላለን። ደስ ሲለን «አንጀቴ ራሰ» እንላለን። ለይምሰል የሚደረግ ነገር ከአፍ ይወጣል። የምር የሆነ ነገር ከአንጀት ይወጣል።

እንግዲያው ከአንጀትህ ወስን!

ሰኞን አትጠብቅ። አዲስ ዓመትን አትጠብቅ። ሐኪም እስኪያስፈራራህ አትጠብቅ።

ጽሑፉን አስቀምጥ። ወደ ጓዳ ግባ። ሁለት እፍኝ ባቄላ ውሰድ።

ዛሬ ማታ ዘፍዝፈው።